እርግቧ፣ ጉምሩኩና ማኮብኮቢያው፦ ስለ ጎጃም አየር ማረፊያዎች የጠየቃችሁኝ

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። ባለፈው ወር ስለ ባሕር ዳር አየር ማረፊያ ሁለት አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። ደብዳቤው ጎርፍ ሆነብኝ። ከዳንግላ፣ ከመራዊ፣ ከማርቆስ፣ ከሞጣ ጻፋችሁልኝ። አብዛኛው ደብዳቤ ሲጨመቅ «ከዚሁ ከጎጃም ተነሥተን ውጭ አገር የምንሄደው መቼ ነው?» የሚል ነው። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ትንንሽ አየር ማረፊያዎች ሜዳ ላይ ነው። ሻንጣ ጭኛለሁ፣ የነዳጅ ቱቦ ጎትቻለሁ፣ ማለዳ ማለዳ ከማኮብኮቢያ ላይ አህያ አባርሬአለሁ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ ወሬ አይደለም፣ የኖርኩበት ነው። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ከዳንግላ፣ የምህንድስና ተማሪ

«ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። እነሱ ባሕር ዳር ዓለም አቀፍ የሚሆነው ማኮብኮቢያው ሲረዝምና ተርሚናሉ ሲያምር ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ያለበት ይመስለኛል። መስፈርቱ ምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ማለት አገሪቱ ራሷ ለውጭ በረራ መግቢያና መውጫ በር ብላ የመደበችው፣ ጉምሩኩ፣ ኢሚግሬሽኑ፣ የጤና ቁጥጥሩ፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ኳራንቲኑ እዚያው የሚሠራበት ማረፊያ ነው። ትርጉሙ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በኅዳር 1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ በተፈረመው ስምምነት ነው። ትርጉሙን ደጋግመህ ብታነበው የማኮብኮቢያ ርዝመት የሚባል ነገር አታገኝበትም። የመስታወት ግድግዳም የለበትም። ባሕር ዳር ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ማኮብኮቢያ አለው፤ ይሄ ትንሽ አይደለም። ደሴት ላይ ያለች፣ የእሱን ግማሽ የማታክል ማረፊያ ግን ፓስፖርት የሚመታ ሰው ከተቀመጠባትና መንግሥቷ ከመደባት ዓለም አቀፍ ናት።

ድሬዳዋን እይ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ለብዙ ዓመታት ሲበረር ኖሯል። ይህ የሆነው የድሬዳዋ ሕንፃ ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ሁለቱ ከተሞች ከባቡሩ ዘመን ጀምረው የተጋቡ፣ የተነጋገዱ፣ የተዛመዱ ናቸው። ተጓዡ ቀድሞ ነበረ፤ የፓስፖርቱና የጉምሩኩ መስኮት የተከፈተው ለእሱ ነው።

ከባዱ ነገር መስኮቱን ከፍቶ ማቆየት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አውሮፕላን ከውጭ ይመጣል እንበል። ለዚያች ለሁለት ሰዓት ሥራ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ፣ የጉምሩክ ፈታሽ፣ የጤና ባለሙያ፣ የኳራንቲን ሰው ያስፈልጋል፣ ደግሞም የአገር ውስጡና የውጭው መንገደኛ እንዳይቀላቀል በሩም መንገዱም መለየት አለበት። አውሮፕላኑ ቀረ ብለህ የእነዚህን ሰዎች ደመወዝ አታስቀርም። ነዳጅም አለ። የአውሮፕላን ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ አባይን ወርዶ፣ አባይን ወጥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው አጭር በረራ ላይ አንዳንዴ የመመለሻውን ነዳጅ ከመነሻው ቀድቶ መምጣት የሚሻለው። ረጅም በረራ ላይ ግን ይህ አይሆንም፤ እዚያው መቅዳት ግድ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ቦታው ይቅር፣ እሠራበት የነበረ ማረፊያ ላይ ከውጭ የተከራዩት አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። የፓስፖርቱ ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸው አልቆ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። መንገደኞቹ አውሮፕላኑ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ መኪና ተልኮ ሰዎቹ ከየቤታቸው ተለቀሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «ዓለም አቀፍ ሆነናል» ሲለኝ የምጠይቀው «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ቢመጣ ማን አለ?» ብዬ ነው። እናንተም ሹማምንቱን ስታገኙ ይህንኑ ጠይቁልኝ።

ከባሕር ዳር፣ ስሟን ያልጻፈች እህት

«ሰው አንዴ ግንቦት 20፣ አንዴ በላይ ዘለቀ ይለዋል። ትኬቴ ላይ ግን ባሕር ዳር ብቻ ነው ያለው። የተሳሳተ ይሆን?»

አልተሳሳተም እህቴ። ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ አሁን የተሰየመው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። ትኬት የሚቆረጠው ግን በከተማውና በሦስት ፊደል ኮድ ነው። የባሕር ዳር ኮድ ቢ፣ ጄ፣ አር ነው። ታፔላው ቢቀየርም ኮዱ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ የዓለም የሻንጣና የትኬት ሥርዓት በሙሉ የሚሠራው በእሱ ነውና። ሻንጣሽ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እያየሽ እነዚያን ሦስት ፊደሎች ማረጋገጥ ልመጂ፤ ብዙ ሰው ያንን ሳያይ ነው ሻንጣ ጠፋብኝ የሚለው።

ከባሕር ዳር፣ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው እጅ ያጻፉት

«ልጄ፣ ዋሽንግተን የሚኖር ልጅ አለኝ። ና እይኝ ብለው እሱ አንቺ ነይ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ ውረጂ፣ ተሰለፊ፣ ደግሞ ውጪ መባሉን ጉልበቴ አልቻለውም። አውሮፕላኑ ከዚሁ ከደጄ ለምን አይወስደኝም?»

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ የሚጠቅምዎትን ልንገርዎት፣ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ።

ትኬቱ ሲቆረጥ ልጅዎ «ዊልቸር ያስፈልጋታል» ብሎ ያስመዝግብ። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ያኔ ከቼክ ኢን ጀምሮ እስከ በሩ፣ አዲስ አበባ ላይም ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው የሚገፋዎት ሰው ይኖራል። አያፍሩ፣ መብትዎ ነው። ሁለተኛ፣ ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን በአንድ ትኬት ይቆረጥ፤ ሁለት የተለያየ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም። አንድ ትኬት ከሆነ ሻንጣዎን ባሕር ዳር ላይ ሲያስረክቡ «እስከ መጨረሻው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፓስፖርትዎ የሚመታው ቦሌ ነው። ስለዚህ በመካከሉ ሰፋ ያለ ሰዓት ያስይዙ፣ የክረምት ዝናብ ባሕር ዳርን አንዳንዴ ያዘገየዋል። በርበሬና ሽሮ ይዘው እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ በደንብ ታሽጎ በሻንጣ ይግባ፣ በእጅ አይያዝ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከሚመላለሱት አንዷ፣ ባለ ፕሮፔለሯ ኪው 400፣ 80 የማይሞላ ሰው ነው የምትይዘው። አሜሪካ የሚሄደው ድሪምላይነር ግን 270 ያህል መቀመጫ አለው። ያንን በየበረራው ከባሕር ዳር ብቻ መሙላት አይቻልም፤ ቦሌ የሚሞላው ከጅማም፣ ከመቀሌም፣ ከናይሮቢም፣ ከኪጋሊም የመጣው ሰው ተጠራቅሞ ነው። ሌላው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት ይከብዳል። ለዚህ ነው ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ መንገድ ላይ አንድ ቦታ የሚታረፈው፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። ባሕር ዳርም ከ1,800 ሜትር በላይ ነው።

ከልቤ የምመኝልዎት ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል ብዙ ሰው መሙላት የማይጠይቁ፣ አጠር ያሉ በረራዎች፣ ለምሳሌ ወደ ጎረቤት አገር ወይም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር፣ ከባሕር ዳር ቢጀመሩ ሥራ ፍለጋ የሚሄዱት የእኛ ልጆችም ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱት ሙስሊም ወገኖቻችንም ይጠቀማሉ። እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚያ ነው።

ከመራዊ፣ አቮካዶ አምራች

«ቆጋ መስኖ ላይ ከሚያመርቱት አንዱ ነኝ። ባሕር ዳር ከእኛ ቅርብ ነው። አቮካዶአችን ከዚያው በአውሮፕላን በቀጥታ አውሮፓ ቢሄድ አያዋጣም? ደላላውስ አይቀርልንም?»

የኔ ወንድም፣ የደላላው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን እውነቱን ካልነገርኩህ ወዳጅህ አይደለሁም። አቮካዶ የመርከብ ፍሬ ነው።

አንተም ታውቀዋለህ፣ አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም። ጠንካራ ሆኖ ይቆረጣል፣ የሚለሰልሰው ከዚያ በኋላ ነው። 5 ወይም 6 ዲግሪ ባለው የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከተያዘ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይበስል ይቆያል። ከቆጋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ አውሮፓ ለመድረስ ይበቃዋል። አውሮፕላን ደግሞ የሚያስከፍለው በኪሎ ነው። አቮካዶ ከባድ ነው፣ በኪሎ የሚያወጣው ዋጋ ግን ያን ያህል አይደለም። የጭነቱ ሒሳብ ትርፉን ይበላብሃል።

አበባ ግን ሌላ ነው። ቀላል ነው፣ ውድ ነው፣ በቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ባሕር ዳር አካባቢ የአበባ እርሻዎች አሉ። አበባው ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መያዝ አለበት። በማቀዝቀዣ መኪና ከባሕር ዳር ቦሌ ሲሄድ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ሰላም ውሎ ያደረ እንደሆነ። መንገዱ በተዘጋ ቀን አበባው ዋጋ የለውም። ስለዚህ በጎጃም የአየር ጭነት ጥያቄ መጀመሪያ የአበባ፣ የእንጆሪ፣ የለጋ ፎሶሊያ፣ የቅመማ ቅጠል ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁሉም ስለ ማኮብኮቢያ ያወራል፤ ስለ ማቀዝቀዣ ክፍል የሚያወራ የለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ሌሊቱን በሙሉ ሲቀዘቅዝ አድሮ የመጣ ካርቶን ከአውሮፕላኑ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ አርባ ደቂቃ ሲቀመጥ ነው። ጫኚዎቹ ምን ያድርጉ፣ የሚያስቀምጡበት ጥላ የለም! የሌሊቱ ኤሌክትሪክ፣ የገበሬው ድካም፣ ሁሉም በአርባ ደቂቃ ትቢያ ሆነ። ከእርሻ እስከ አውሮፕላን ሆድ ቅዝቃዜው ካልተቆረጠ ብቻ ነው ይህ ነገር የሚሠራው፤ ለእሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ጥላ ያለው የመጫኛ ቦታ፣ የኳራንቲን ሰውም እዚያው ቆሞ የሚፈርምበት ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ሌላው የመመለሻ ጭነት ነው። ትልቁ የጭነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 777፣ መቶ ቶን ገደማ ይይዛል። ባዶውን መጥቶ አበባ ብቻ ይዞ ቢመለስ ኪሳራው በአበባው ላይ ይወድቃል። ወደ ባሕር ዳር ምን ይዞ ይመጣል? መድኃኒት? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መለዋወጫ? ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። እናንተ ማኅበር ካላችሁ ከአትክልትና ከአበባ አምራቾቹ ጋር አንድ ላይ ተቀመጡና በየወሩ፣ በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ልታወጡ እንደምትችሉ በወረቀት አስፍሩ። አየር መንገድ የሚሰማው ይህንን ነው። አቮካዶህን ግን ለመርከቡ ተውለት፣ ማሸጊያውንና ማቀዝቀዣውን እዚያው መራዊ ላይ አስተካክሉ። ከደላላው የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ጡረተኛ መምህር

«በልጅነቴ ማርቆስ ላይ አውሮፕላን ያርፍ ነበር፣ ሣር ላይ። ዛሬ የሚሠራው ሁሉ ረጅም አስፋልት ካልሆነ አይሉም። ድሮ ያለ አስፋልት የበረረው ዛሬ ምን ሆኖ ነው?»

መምህር፣ ያዩት እውነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በ1938 ዓ.ም. በአምስት ሲ 47 አውሮፕላኖች ነው፤ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ነበሩ። ሲ 47 ማለት ዲሲ 3 የምንላት የጦሩ ወንድሟ ናት። ሣር ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ በጭቃም ታርፋለች። መንገድ ባልነበረበት አገር እሷ ናት ቡናውንም፣ ሹሙንም፣ በሽተኛውንም ስታመላልስ የኖረችው።

የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ከበድና ፈጠን ያሉ ናቸው፣ ሜዳው ደግሞ ያው የጎጃም ደጋ ነው። መሐንዲሶቹ የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ስሌት አለ። አውሮፕላኑ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈልገው ርዝመት ይያዝና ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 7 በመቶ ይጨመርበታል። በባሕር ጠለል 1,500 ሜትር የሚበቃት አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ፣ ለከፍታው ብቻ፣ ወደ 2,140 ሜትር ትፈልጋለች። ማርቆስ 2,400 ሜትር ዘለል ስለሚል እሷው አውሮፕላን 2,350 አካባቢ ትጠይቃለች። ይህ ገና ሙቀቱ ሳይታሰብ ነው፤ ለዚያ ከፍታ መደበኛ ከሚባለው በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 1 በመቶ ይታከላል። መሬቱ ዳገት ከሆነ ሌላ ጭማሪ አለው።

ነገሩ የአየሩ መሳሳት ነው። ባሕር ዳር በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ ይሳሳል። ክንፉም የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው። ስለዚህ በፍጥነት ረዘም አድርጎ መሮጥ ነው መፍትሔው። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ከባድ ጭነት ካለ በብርዱ፣ በማለዳ መነሣት የሚወዱት።

ጎጃም ሁለት ማረፊያ ይበዛበታል የሚሉ አሉ። አይበዛበትም እላለሁ። ከማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሽተኛ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ርቀት ነው። ግን ሁለቱም ዓለም አቀፍ ይሁኑ ማለት ጉልበት መበተን ነው። ባሕር ዳር የውጭውን መስኮት ይያዝ፣ ማርቆስ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ የማይቋረጥ የአገር ውስጥ በረራ ይኑረው።

ከባሕር ዳር አየር ማረፊያ አጥር አጠገብ የሚኖር ገበሬ

«ከአጥሩ አጠገብ የእርድ ትራፊ አትጣሉ፣ እህል ሜዳ ላይ አታስጡ፣ ከብት አታስገቡ እያሉ ያስጨንቁናል። ወፍ አውሮፕላን ይጥላል ይሉናል። ይህን የሚያህል ብረት ወፍ ይጥለዋል? ወይስ መሬታችንን ፈልገው ነው?»

ወንድም ዓለም፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ልቤ ቆመ። የመሬቱን ስጋትህን አልንቅም፣ ካሳ ሳይከፈላቸው የተነሡ ሰዎች አውቃለሁ። ስለ ወፉ ግን አጥብቄ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የሆነው እዚያው አንተ ደጅ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። አንድ ቦይንግ 737 ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሕር ዳር አርፎ ወደ አሥመራ ሊቀጥል ተነሣ። 104 ሰዎች ነበሩበት። ገና ከመሬት ሲላቀቅ የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱም ሞተሮች እርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ። ሳይደርሱ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ጎማ ሳይወጣ ሜዳ ላይ በሆዱ ወረደ፣ እሳት ተነሣ። 35 ሰዎች ሞቱ። እርግብ ነው ወንድሜ! ጥንብ አንሣ አይደለም፣ አሞራ አይደለም፣ ጣራህ ላይ የምታርፈው፣ ክንፏ ነጠብጣብ ያለባት ግራጫዋ እርግብ።

ስለዚህ ብረቱ ትልቅ ነው ብለህ አትታለል። የሞተሩ ቢላዎች በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይዞራሉ፤ አንዲት ወፍ ስትመታቸው ታጣምማቸዋለች። አንዷን ወፍ ሞተሩ ይችል ይሆናል፣ መንጋ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ሁለቱንም ሞተር በአንድ ጊዜ መምታቱ ነው የሚያስፈራው።

አሁን ለምን እንደሚያስጨንቋችሁ አየህ። እርግብ እህል በል ናት፤ ሜዳ ላይ የተሰጣ እህል ለእሷ ድግስ ነው። የእርድ ትራፊ ደግሞ ጭላት፣ ጥንብ አንሣና አባ ኮዳ ይጠራል። አባ ኮዳ እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን ወፍ ነው፤ ያንን ሞተር ውስጥ አስበው። የዓለም አቀፉ መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከማኮብኮቢያ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። ባሕር ዳር ከጣና ጥግ ስለሆነች ችግሩ እጥፍ ነው። የውኃ ወፉ ማለዳ ከማደሪያው ወደ መዋያው፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይሻገራል፣ አውሮፕላኑም በዚያው ሰዓት ነው የሚበዛው።

እኔ ስሠራ ሥራችን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነበር። በመኪና ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን። የወደቀ ቡሎን፣ ጠጠር፣ ፌስታል እንለቅማለን። ሌሊት ጅብ ገብቶ እንደሆነ እናያለን። ወፍ ካለ በጥይት ድምፅ፣ በጩኸት እናባርራለን። ሣሩንም መጠን አስይዘን እንቆርጣለን፤ በጣም ካጠረ ትሉና ነፍሳቱ ይጋለጣሉ፣ ወፉም ይወርዳል፤ በጣም ካደገ አይጥ ይራባል፣ አይጧን ፍለጋ ጭላት ይመጣል። በክረምት ዝናቡ ሲያባራ አሸን ሲፈላ ደግሞ ሰማዩ በወፍ ይሞላል። ያን ቀን እንደማያልቅ ቀን ነበር የምቆጥረው።

የእናንተም ጥያቄ ግን ይመለስ። አጥሩ ጥግ ቆሻሻ አትጣሉ ከተባለ የሚጣልበት ቦታ ይዘጋጅ፣ መኪናም ይምጣ። ከብት አታስገቡ ከተባለ አጥሩ የተቦደሰበት ይጠገን። አንተና ጎረቤቶችህ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እህሉን ስታሰጡ ራቅ አድርጋችሁ፣ በግቢ ውስጥ፣ ሸራ ላይ ይሁን። መንጋ ስታዩ ለጥበቃው ንገሩ። ያችን የመስከረም 5 አውሮፕላን አስቡልኝ።

ከሞጣ፣ አንድ አባት

«ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። አየር ማረፊያ ብትሠራ ደስ ይለኛል፣ እኔ ግን ከሆስተስና ከፓይለት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ምን አለ?»

አያ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው ሥራ ይበዛል። አየር ማረፊያውን የሚያንቀሳቅሱት መንገደኛ የማያያቸው ናቸው።

ማማው ላይ ያለችው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አለች። ሒሳብና እንግሊዝኛ ጠንከር ካለላት፣ በጭንቅ ሰዓት ድምፅዋ የማይንቀጠቀጥ ከሆነች ይህ ሥራ ለእሷ ነው። የአየር ጠባይ ተመልካች አለ፤ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ የዕይታውን ርቀት፣ የአየሩን ግፊት በየሰዓቱ ለክቶ ይልካል። አብራሪው ከቦሌ ሳይነሣ የሚያነበው የዚያን ሰው ቁጥር ነው። የደኅንነት ፍተሻ፣ የጭነት ሚዛን ሠራተኛ፣ የነዳጅ፣ የመብራትና የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን አለ። የሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ተከታተሉ። ለማስቀጠር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ግን በሩን ዝጉበት።

እኔ ከሁሉ የምወደው የእሳት አደጋውን ቡድን ነው። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ርዝመት የተወሰነ ደረጃ አለ። 33 ሜትር ለምትጠጋው ኪው 400 ደረጃ 6፣ ለቦይንግ 737-800 ደረጃ 7፣ ለድሪምላይነር ደረጃ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ደረጃ 6 ሁለት የእሳት መኪናና ለአረፋው ወደ 8 ሺህ ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ደረጃ 8 ሦስት መኪናና ከ18 ሺህ ሊትር በላይ። ባሕር ዳር ትልቅ አውሮፕላን ይምጣላት ስንል ይህም አብሮ መምጣት አለበት። ደወል ከተሰማ በኋላ የመጀመሪያው መኪና የማኮብኮቢያው የትኛውም ጫፍ ላይ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ውኃ መርጨት አለበት፤ የሚፈለገው እንዲያውም በሁለት ነው። ለዚህ ነው ሲበሉም ሲተኙም ጫማቸውን በር ላይ አስቀምጠው የሚያድሩት። ሴቶችም ይሠሩበታል።

ልጅህን አንድ ነገር ጠይቃት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ በብርድ ወጥታ፣ ማንም ሳያያት የሠራችው ሥራ ያስደስታት እንደሆነ። አዎ ካለችህ የትምህርት ማስረጃዋን አዘጋጅና ጻፍልኝ፣ የማመልከቻውን አጻጻፍ አብረን እናየዋለን።